ያረጀ የጋዝ ሲሊንደር እንዴት እንደምፈትሽ

የምሠራው የቡታጋዝ ሲሊንደሮች በሚፈተሹበት ወርክሾፕ ነው። አዲስ ሲሊንደር ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ለዓመታት በአይሱዙና በባጃጅ ሲመላለስ፣ ከመኪና ላይ ሲወረወር፣ እርጥብ ወለል ላይ ሲቀመጥ የኖረው ነው። ቡታጋዝ በዓለም አቀፉ የአደገኛ ዕቃዎች ምደባ 2.1 ላይ ነው፤ ተቀጣጣይ ጋዝ። ሲሊንደር ውስጥ በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። ሾልኮ ከወጣ ከ200 እጥፍ በላይ ይሰፋል። ከአየር ስለሚከብድም ወለል ለወለል ይሄዳል፤ እሳት ካገኘ አለቀ።

ሥራዬን የምጀምረው በማንበብ ነው። ሲሊንደሩ ላይ ባዶ ክብደቱ፣ የመያዝ አቅሙ፣ የመፈተሻ ግፊቱ፣ የተሠራበትና መጨረሻ የተፈተሸበት ጊዜ ተቀርጿል። እኛ አገር አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ዓመቱ የተቀረጸው በፈረንጆች ነው። 2014 የሚለውን በእኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ከሲሊንደሩ ዕድሜ ላይ 7 ወይም 8 ዓመት ይቀንስለታል። በብዙ አገሮች ዳግም ፍተሻው በየ10 ዓመቱ ስለሆነ ይህ ልዩነት ከባድ ነው። ጽሑፉ ጨርሶ የማይነበብ ከሆነ ደግሞ አልቀበለውም። የመፈተሻ ግፊቱን የማላውቀውን ዕቃ በስንት ልፈትሸው?

ከዚያ ባዶ መሆኑን አረጋግጣለሁ። ቫልቩን ከፍቼ ድምፅ ስላልሰማሁ ብቻ ባዶ ነው አልልም፤ በቆሻሻ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። ሚዛን ላይ አስቀምጬ ከተቀረጸው ክብደት ጋር አስተያየዋለሁ። ከበለጠ ውስጡ የቀረ ነገር አለ። በደንብ ካነሰ ደግሞ ዝገቱ ብረቱን እየበላው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ብዙ ጊዜ የምወስደው ቀለሙ ላይ ነው። አዲስ ቀለም አያስደስተኝም። በሽቦ ብሩሽ ስፍቀው ከሥሩ ስቱኮ የወጣበት ሲሊንደር አይቻለሁ። የዝገት ጉድጓዱን ሞልተው፣ አለስልሰው፣ ቀብተውታል። ከሩቅ ላየው አዲስ ይመስላል። ሌላው የቃጠሎ ምልክት ነው፤ ቀለሙ የተላጠ፣ የቫልቩ እጀታ የቀለጠ። እሳት የነካው ብረት ጥንካሬው ስለሚቀየር ሳይፈተሽ ይወገዳል። ብየዳው አካባቢ የተሰነጠቀ ወይም በስለት የተጎረደ ካለም እንደዚያው።

በጣም የምፈራው ግን ታችኛውን ክፍል ነው። ሲሊንደሩ የሚቆምበት ቀለበትና ገላው በሚገናኙበት ቦታ ውሃ ይጠራቀማል። ማንም ገልብጦ አያየውም። ዝገቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። በደንብ ጠርጌ በአልትራሳውንድ መለኪያ ውፍረቱን እለካለሁ። አንድ ቦታ ለክቶ ማለፍ አይበቃም። የተጎዳ የመሰለኝን ቦታ ሁሉ አዳርሳለሁ።

የግፊት ፈተናው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቫልቩን ፈትቼ ውሃ እሞላለሁ፣ አየሩ እስኪወጣ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ፓምፑን ወደ ተጻፈው ግፊት አደርሰዋለሁ። በብዙዎቹ ላይ 30 ባር ነው። ጌጁ ሳይወርድ መቆየት አለበት፤ ገላው ላይም የሚያልብ ቦታ መኖር የለበትም። በአየር የማንፈትሸው ለነፍሳችን ነው። የታመቀ አየር ብዙ ጉልበት ይይዛል፤ ብረቱ ከተቀደደ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ውሃ ግን እምብዛም አይታመቅም። ቢቀደድ እንኳ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል።

ሥራው ያስተማረኝ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ያ ፈተና የሚነግረኝ ብረቱ ዛሬ፣ በዚህች ደቂቃ መቻሉን ነው። ታችው የሳሳ ሲሊንደር 30 ባሩን ችሎ ሊያልፍ ይችላል። ዝገቱ ግን እዚያው ነው፤ ነገም መብላቱን ይቀጥላል። «ፓምፑ አሳለፈው» የሚለኝን ባለሙያ አልቀበለውም። ዓይንና መለኪያ የጣሉትን ሲሊንደር ፓምፕ አያድነውም።

ይህን ለባለቤቱ ማስረዳት ከፍተሻው ይከብዳል። ሻይ ቤት ያላቸው አንዲት እናት «ልጄ፣ ዛሬ ጠዋት እኮ ሻይ አፍልቼበት ነው የመጣሁት፤ ምን ሆነ ትለኛለህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የሲሊንደር ዋጋ ለእሳቸው ቀላል ገንዘብ አይደለም። ክርክር አልገጠምኩም። «እማማ፣ እዚህ ጋ በእጅዎ ይንኩት» ብዬ ገልብጬ አሳየኋቸው። ዝገቱ በጣታቸው ሥር ሲረግፍ ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ የምጥለውን ሁሉ ለባለቤቱ ገልብጬ ማሳየት ጀመርኩ። ወረቀት ላይ «አላለፈም» ብሎ መስጠት ሰውን ወደ ሌላ ቀለም ቀቢ ይልከዋል።

ያለፈው ውስጡ በደንብ ይደርቃል፣ አዲስ ቫልቭ ይገጠምለታል፣ የፍተሻው ቀን ይቀረጽበታል። የወደቀውን ግን ሳይቆረጥ ለቁራሌ አንሰጥም። ያልተቆረጠ ሲሊንደር ቀለም ተቀብቶ ገበያ መመለሱ አይቀርም። ስለዚህ የተቀረጸው ቁጥር ይሰረዛል፣ ሲሊንደሩም ለሁለት ይቆረጣል። ከመቆረጡ በፊት በውሃ እንሞላዋለን፤ ባዶ የሚመስል ሲሊንደር ውስጥ የቀረ ትነት የመቁረጫው ብልጭታ ሲነካው ቆራጩን ሊገድለው ይችላል።