ሰዓቱ ተቀነሰ፣ ሥራው ግን እንደነበረ ቆየ

ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን የሆነ ነው። የገቢ ሒሳብ የምትይዘው ሠራተኛ በከባድ ድባቴ ምክንያት የሦስት ወር የሕመም ፈቃድ ወስዳ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ተመለሰች። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። «ለሁለት ሳምንት ግማሽ ቀን ግቢ፣ ከዚያ እንደ ድሮሽ» አላት። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ግን ሳትመጣ ቀረች፤ ስልኳም አይሠራም።

ምክንያቱን ለማወቅ ጠረጴዛዋን ማየት ይበቃ ነበር። ኅዳር ቡና የሚገባበት ወቅት ነው። ጀንፈል (ደርቆ ገና ያልተፈለፈለ ቡና) የጫኑት አይሱዙዎች ከየወረዳው የሚደርሱት ከ9 ሰዓት በኋላ ሲሆን እሷ የምትወጣው 6፡30 ላይ ነው። የማታው የሚዛን ደረሰኝ ተቆልሎ ጠዋት ይጠብቃታል፤ የሚተካት ሰው አልተመደበማ! ስለዚህ የ8 ሰዓቱን ሥራ በ4 ሰዓት መጨረስ ነበረባት። አቅራቢው የሚቆጥረው በፈረሱላ፣ መዝገቡ የሚያዘው በኪሎ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ። 40 ፈረሱላ 680 ኪሎ መሆኑን ድሮ በቃሏ የምትለው ሴት 608 ብላ ጻፈች፤ የጎደለውን 72 ኪሎ ስትፈልግ አንድ ጠዋት አለቀ። ከዚያ ወዲያ ደረሰኞቹን በፌስታል ቋጥራ ቤቷ ትወስድ ጀመር። ሌሊት ስትሠራ እንቅልፏ ተዛባ፣ እንቅልፏ ሲዛባ ሕመሙ ተመለሰ።

ድባቴ ሲለቅ ምግቡም፣ ሳቁም፣ ጨዋታውም ቀድመው ይመለሱና ትኩረትና ትውስታ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራሉ። አለቃ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ፊቷ በርቷል፣ ቡና ላይ ትጫወታለች፤ ታዲያ ምን ጎደላት? ቁጥር ማመሳከር ግን ከሁሉም በኋላ የሚመለሰውን ችሎታ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

መድኃኒቱንም ያሰበው አልነበረም። ማታ ማታ የምትወስደው አሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ ያመጣል፤ ድብታው ለብዙዎች እስከ ረፋዱ ይዘልቃል። እሷን ግን የመደቧት ከጠዋቱ 2፡30 ነው። አፍም ያደርቃል፣ ክብደትም ይጨምራል። አንዷ የሥራ ባልደረባዋ በመጀመሪያው ቀን «ውይ፣ ወፍረሻል! ዕረፍቱ ተስማምቶሻል» አለቻት። ለደግ ነበር ያለችው፤ እሷ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ ቡና ላይ አልተቀመጠችም።

እንዲህ ያለ ሰው ለምን ቸኩሎ ይመለሳል ቢባል መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ ነው። በሦስተኛው ወር ማብቂያ የሚመለስ ሰው ሲመጣ «ሐኪሙ ምን አለሽ?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ፈቃዱ ተከታታይ ሆነም ተቆራረጠም ስለሚደመር፣ ቸኩሎ ገብቶ እንደገና መውደቅ የቀሩትን ቀናት ይበላል።

ለሁለተኛ ጊዜ ስትመለስ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያመጣችው ወረቀት ላይ የሕመሙን ስም ማየት ለመሥሪያ ቤቱ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ በቀን ስንት ሰዓት ትችላለች፣ ከስንት ሰዓት ጀምሮ፣ የሌሊት ሥራና ማሽን ይከለከላል ወይ፣ ቀጠሮዋ መቼ ነው። እሷ ቢሮ ስለሆነች ማሽኑ አላሳሰበም፤ መፈልፈያው ላይ የሚቆም ሠራተኛ ቢሆን ግን ድብታው እጅ ያስቆርጣል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ገባች። ሥራዋም ተቆርጦ ተሰጣት፦ ያለፈውን ወር የተዘጉ ደረሰኞች በቁጥር አሰልፎ ፋይል ማድረግ፣ ሌላ ምንም። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ሰዓቱ 4 እንደሆነ ቀኑ ወደ አምስት አደገ፤ ሥራው አልተነካም። በአምስተኛው ሳምንት ሰዓቱ ባለበት ቆሞ የሁለት አቅራቢዎች ሒሳብ ተጨመረላት። ሰዓትና ሥራ በአንድ ሳምንት አብረው አይጨመሩም፤ ከተጨመሩ ሲከብዳት የትኛው እንደከበዳት አይታወቅም። በቀን 6 ሰዓት መሥራት በስድስተኛው፣ ሙሉ ቀን በዘጠነኛው ሳምንት ሆነ። ከአቅራቢ ጋር በስልክ መጨቃጨቅ ለመጨረሻ ተተወ፤ ከሁሉ የሚያደክመው እሱ ነውና። የቀረውን ሥራ ማን እንደሚሠራ በስም ተጽፎ ለመጋዘን ኃላፊውም ተሰጠው። ይህች አንዲት መስመር ከሌለች ዕቅዱ ወረቀት ብቻ ነው።

አዋጁ ደረጃ በደረጃ ስለ መመለስ የተለየ አንቀጽ ስለሌለው፣ በግማሽ ቀን የሚከፈለው ስንት እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚቆይ ተጽፎ በሁለቱም ተፈረመ። «በቃል ተግባብተናል» ሲባል ወር ሲደርስ ጠብ ይመጣል።

ዓርብ ዓርብ ከመውጣቷ በፊት ኃላፊዋ ሩብ ሰዓት ይይዝላታል። ጥያቄው «ደህና ነሽ?» አይደለም፤ ለዚያማ መልሱ ምንጊዜም «ደህና፣ ይመስገን» ነው። ስንት ሰዓት ተኛሽ፣ ቤት ይዘሽ የሄድሽው ሥራ አለ ወይ፣ መድኃኒትሽ አልቋል ወይ ይላታል። እንቅልፏ ተከታትሎ ሦስት ሌሊት ከተዛባ ወደ ቀደመው ደረጃ አንድ እርከን ትመለሳለች፤ ቤት መቀመጥ ሳይሆን አንድ እርከን ብቻ። በሰባተኛው ሳምንት አንዴ ሆኗል፤ ወደ 4 ሰዓት ተመልሳ ሳምንቱን ጨረሰችና ሙሉ ቀን የታሰበው ስምንተኛው ሳምንት ወደ ዘጠነኛው ተገፋ።

ለባልደረቦቿ የሚነገረውን ራሷ መረጠች፦ «ታምሜ ነበር፣ ተሽሎኛል፣ እስከ ጥር ግማሽ ቀን ነኝ።» ኃላፊውም ከዚህ ሌላ አልተነፈሰም።

ሙሉ ቀን ከገባች በኋላ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ ወርሃዊ ቀጠሮዋ። መድኃኒቱ ከተሻላትም በኋላ ለወራት ይቀጥላል፤ መቼ እንደሚቆምና እንዴት እንደሚቀነስ የሚወስነው ሐኪሙ ነው። የቀጠሮዋ ጠዋት በመዝገቡ ላይ በቀይ ተሰምሮበታል፤ ያን ቀን የሚዛን ደረሰኝ የሚረከበው ሌላ ሰው ነው።