ሦስተኛ ውሻ ከመምጣቱ በፊት፦ የፌርፋክስ ካውንቲ ደንብ

ቨርጂኒያ ውስጥ በፌርፋክስ ካውንቲ ስንት ውሻ መያዝ እንደሚቻል የሚወስነው የመሬቱ ስፋት ነው። የመኝታ ቤት ብዛትም የውሻው ትልቅ ትንሽነትም አይቆጠርም። ሦስተኛዋን ውሻ ከማምጣቴ በፊት የጀመርኩት ከዚሁ ነው።

መጀመሪያ ግን ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የፖስታ አድራሻ ያሳስታል። አድራሻቸው “አሌክሳንድሪያ” ወይም “ፎልስ ቸርች” የሚል ብዙ ቤቶች ካውንቲው ውስጥ ናቸው። ከተሞቹ ግን ራሳቸውን የቻሉ ስለሆኑ የየራሳቸው ደንብ አላቸው። የመኪና ታክስ ደረሰኙ ከማን እንደሚመጣ ማየት ይበቃል። ቪየና፣ ሄርንደንና ክሊፍተን ግን ለየት ይላሉ፦ ካውንቲው ውስጥ ሆነው የራሳቸው የዞኒንግ (የመሬት አጠቃቀም) ደንብ አላቸው።

እስከ ሁለት ውሻ የመሬት ስፋት አይጠየቅም። ለሦስት ወይም ለአራት ቢያንስ 12,500 ስኩዌር ፊት ያስፈልጋል፤ በእኛ አነጋገር 1,161 ካሬ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ለአምስትና ለስድስት 20,000 ይጠየቃል። ስፋቱ በካውንቲው የንብረት መዝገብ ላይ በአድራሻ ይገኛል። በኤከር ከተጻፈ በ43,560 ይባዛል፦ 0.29 ኤከር 12,632 ስለሚሆን ያልፋል፣ 0.28 ግን 12,197 ነው፤ አያልፍም። ስለዚህ “ወደ 0.3 ኤከር ይጠጋል” የሚል የሽያጭ ማስታወቂያ አይታመንም። ታውንሃውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ከሆነ ነገሩ ሁለት ላይ ያበቃል ማለት ይቻላል።

ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ አይቆጠርም። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በሁለት ወሩ ሲመጣ ችግር ያልነበረበት ቡችላ ስድስት ወር ሲሞላው ቤቱን ከደንቡ ውጭ ያደርገዋል። ቦታው ካልበቃ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፤ ግን ለጎረቤት ማስታወቂያ ደርሶ ጥያቄው በሕዝብ ፊት ይሰማል፣ የሚጮህ ውሻ ያለው ሰው ይህን አስቦ ይግባ።

የሰፈሩ ቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለ መተዳደሪያውን ከፍቶ ስለ እንስሳት የሚናገረውን አንቀጽ ማንበብ ግድ ነው። ካውንቲው አራት ቢፈቅድም ማኅበሩ ሁለት ካለ ሁለት ነው። ተከራይም ውሉን እንዲሁ ይይ።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ አራት ወር ለሞላው ውሻ ፈቃድ ይወጣል፤ በዓመት 10 ዶላር ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የምስክር ወረቀት ይጠየቃል፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ታግ አይተካውም። የመጀመሪያው ክትባት የሚያገለግለው ለአንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ቀኑን ከወረቀቱ ላይ ገልብጬ ስልኬ ላይ አስታዋሽ አድርጌበታለሁ።