ነርሷ ቤት ስትመጣ

ዛሬ ነርሷ እማዬን ልታያት ቤት መጣች። ግፊት ለክታ ብቻ አልሄደችም። የእማዬን ካልሲ አውልቃ ተረከዟን በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች አየችው። ቀልቶ የቆየና ሲጫኑት የማይነጣ ቦታ የአልጋ ቁስል መነሻ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ስለሚችል ሙቀቱንና ጥጥር ማለቱን መዳሰስ ያስፈልጋል። አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየ2 ሰዓቱ ገደማ ይገላበጥ የሚባለውም ለዚሁ ነው።

መርፌ፣ ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ)፣ ቁስል ማከም የነርስ ሥራ ነው። ገላ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ ደግሞ የአስታማሚ። ይህን ቀድሞ መለየት ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል ባይ ነኝ።

ልቤን የነካው ግን ሌላ ነው። ነርሷ እማዬን የምታስታምመውን እህቴን «አንቺስ ሌሊት ትተኛለሽ?» አለቻት። አስታማሚን ማን ይጠይቃል! እህቴ እንባዋ መጣ። ከዛሬ ጀምሮ ሌሊቱን በተራ እናድራለን።