የግራ እግሬ ጉድ

«ጋሼ፣ እስቲ የግራ እግርዎን ያሳዩን።»

እንዲህ ያለኝ ሐኪም አይደለም። ደሴ ውስጥ፣ አንድ ጋራዥ ያለ፣ እስከ ጆሮው ግሪስ የተቀባ ረዳት ነው። ሳምንት አለፈው፤ እኔ ግን ማታ ማታ አሁንም ይሰማኛል።

መኪናዬ ዲኤክስ፣ ማርሽ ልቀይር ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ትጠፋለች። ፒያሳ ላይ ቀጥ! ከኋላዬ ባጃጁ ሁሉ ጥሩንባውን ይለቀዋል። እኔም «ቤንዚኑ ውሃ አለው» እያልኩ ሁለት ሳምንት ማደያውን ስረግም ከረምኩ። ደግሞ ያገኘኝ ሰው ሁሉ መካኒክ ነው። አንዱ ካንዴላ አለ፣ አንዱ ካርቡሬተር፤ ቡና የምታፈላልን እንኳ «ባትሪው ነው» አለች። ሁሉንም ቀየርኩ። ቡናው ላይ ምክር በነፃ ነው፤ ዕቃው ግን በእኔ ኪስ።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተና ረዳቱን «ፍሪሲዮን ርገጥ» አለው። ቺንጊያው የሚዞርበት ክብ ብረት፣ ፑሌጃው፣ ወደ ፊት ወጣ። በካቻቢቴ ገፋ ሲያደርገው ተመለሰ። ሞተሬ እንደ ኤሊ አንገቱን ብቅ ጥልቅ ያደርጋል! ለካ ኮሎው፣ ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ትልቁ ዘንግ፣ ወዲያና ወዲህ እንዳይንሸራተት የምትይዘው፣ ግማሽ ጨረቃ የምትመስለው ሮንዴላ አልቃለች። ክፍተቱ ሲለካ ከ1 ሚሊሜትር አልፏል። 0.3 ሲደርስ እንኳ መቀየር ነበረባት።

«ምን በላት?» አልኩ። እግሬ ተጠራ።

እውነቴን ነው፣ ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ላይ ነው የሚኖረው፤ ፍሪሲዮኑ ደግሞ ኮሎውን ወደ ፊት ሲገፋ ይውላል። የሐረጎን ዳገት ከጭነት መኪና ኋላ ስወጣ ትራስ አግኝቶ እንደተጋደመ ሰው ነው። ጋራዡ በሙሉ ሊያየው ተሰበሰበ። በያጁ መነጽሩን አንስቶ አየ። ጎሚስታው ከማዶ መጣ። ሎተሪ አዟሪው «ስንት ቁጥር ነው?» አለ። አንድ አዛውንት «ወላሂ፣ ሲያዩት ደህና እግር ነበር» ብለው አዘኑልኝ። ካልሲዬ መቀደዱን ያኔ አየሁ። ጫማዬን ለምን እንዳወለቅኩ እስካሁን አልገባኝም። ማንም አውልቅ አላለኝም!

ሞተሩ አልወረደም፤ ኮፓው፣ የዘይት መያዣው፣ ተፈቶ ከስር ነው የተሠራው። አዲሷ ሮንዴላ ቦይ ቦይ ያለው ፊቷ ወደ ኮሎው ዞሮ ገባች። «ትንሽ ብትቆይ የሞተሩን ብሎክ ይበላልህ ነበር» አለኝ መካኒኩ፣ እግሬን እያየ። ሮንዴላዋ መዳፍ አትሞላም። የእጅ ዋጋውን ግን አታንሱብኝ።

ትናንት ሙጋድ ላይ ያ ረዳት ከማዶ «ጋሼ፣ እግር!» ብሎ ጮኸ።

በእግሬ እየሄድኩ ነበር። አነሳሁት።