የባዮሳይንስ ብር የሚሄድበትን ተከትሎ፦ ከለገሃር እስከ ጉለሌ

የድሮው ባቡር የድሬዳዋን ሰው ለገሃር፣ ከተማው እምብርት ላይ ያወርደው ነበር። አዲሱ ለቡ ላይ ጥሎ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በመንገደኛውና በሹፌሩ መሃል ነው። የታክሲ አፑ 540 ብር ያለውን መንገድ አንዱ ልጅ "በስምምነት እንሂድ" ብሎ 900 ጠራበት። ምን ሆኖ ሲባል የኮሪደር ልማቱን አነሳ፣ መንገዱ ዞሯል አለ። መንገዱ አልዞረም፣ እንዲያውም ሰፍቷል። 700 ላይ ተስማማን። ድሬ ላይም ባለ ባጃጅ ይጨምራል፤ ግን እየሳቀ ነው።

የመጣሁበት ነገር አጭር ነው። መንግሥት ክትባትን፣ መድኃኒትን፣ የምርመራ ኪትን ኢንዱስትሪ ላድርግ ብሎ ብር ሲያወጣ ብሩ የት እንደሚያርፍ በየተቋሙ ደጃፍ እየዞሩ ማየት። በሪፖርት ላይ ሁሌም የሚታየው ሕንፃ ነው፤ ሕንፃ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ቀላሉ ወጪ ነው።

ከፈረሰው ካዛንቺስ በተረፈው ጠርዝ ላይ አንድ ፔንሲዮን ይዤ አደርኩ። ብርዱን ተዉት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፤ መስኮቴ ሥር ያለው ጀኔሬተር ተነሳ፣ አጓራ፣ ሞተ፤ እንደገና ተነሳ፣ ሞተ። ዘበኛው ባትሪ ይዘው ወጡና ወደ ብሬከሩ ሳጥን ሄዱ። "ቦይለሩ ሁሉ ባንዴ እየጎተተው ነው ልጄ" አሉኝና ሁሉንም አጥፍተው ጀኔሬተሩን ብቻውን አስነሱት፤ ከዚያ ክፍሎቹን አንድ በአንድ መለሱ። እንቅልፌን ያገኘሁት በእሳቸው ነው። ጠዋት ሻይ ልጋብዝዎ ብላቸው እንቢ ብለው ብርድ ልብስ ጨመሩልኝ።

ብዙ ሚሊዮን ብር የፈሰሰበት ላቦራቶሪ የሚወድቀውም እንዲሁ ነው። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚይዙ አምስት ፍሪዘሮች መብራት ሲመለስ እኩል ከተነሱ፣ ኮምፕሬሰር ሲነሳ የሚስበው ኃይል እየሠራ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሆነ፣ ብሬከሩ ይወድቃል ወይም ጀኔሬተሩ ይታነቃል። መላው ምንም አያስወጣም፦ በየፍሪዘሩ ላይ ያለውን የመነሻ መዘግየት አንዱን 1 ደቂቃ፣ ቀጣዩን 3፣ ሌላውን 5 እያደረጉ ማራራቅ። ከ80 ይልቅ 70 ላይ ማስቀመጥም ለአብዛኛው ናሙና ይበቃል፤ የመብራት ፍጆታውን ሲሶ ያህል ይቀንሳል፣ ኮምፕሬሰሩንም ያቆያል። የማንቂያ ደወሉ ባትሪ ግን በየጊዜው ካልተቀየረ ፍሪዘሩ ዓርብ ማታ ጠፍቶ ሰኞ ጠዋት ነው የሚታወቀው።

ከፍታውም አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ጀኔሬተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 100 ኪሎ ቮልት አምፒር ተብሎ የተገዛው እዚህ ከ80 አይዘልም። ጨረታው ላይ ከፍታው ካልተጻፈ አቅራቢው ለወደብ ከተማ የሚሆነውን ያመጣል፤ ሰነዱንም ደግሞ አሟልቷል፣ መክሰስ አይቻልም።

አውቶክሌቭ፣ ማለትም ዕቃን በታመቀ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን ላይ ነገሩ ይብሳል። 121 ዲግሪ ላይ ያለ እንፋሎት ጠቅላላ ግፊቱ 2.05 ባር ነው። የማሽኑ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። ጅቡቲ ላይ አየሩ ራሱ 1 ባር ያህል ስለሚጫን ጌጁ 1.04 ሲያሳይ ይበቃል። ከፍ ሲባል አየሩ ስለሚቀል ድሬዳዋ ላይ 1.17 ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ 1.28 ያህል ማሳየት አለበት። የፋብሪካውን መመሪያ አምኖ 1.04 ላይ የተወው ቴክኒሻን ማሽኑን የሚያሠራው 117 ዲግሪ ላይ ነው፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ የሚገድለው ጀርም በ121 ዲግሪ በ6 ደቂቃ የሚሞተውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የሚታመነው ጌጁ ሳይሆን ከዕቃው መሃል የገባ የሙቀት መለኪያና ጂኦባሲለስ ስቴሮቴርሞፊለስ የተባለው ሙቀት የሚቋቋም ባክቴሪያ ስፖር ያለበት ስትሪፕ ነው። ስትሪፑ ከዙሩ በኋላ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ኢንኩቤተር (ጀርም የሚያድግበት ሙቅ ሳጥን) ውስጥ ይቀመጣል፤ ቀለሙ ከተለወጠ ስፖሩ አልሞተም። በተክለ ሃይማኖት ዙሪያ ባሉት የሕክምና ዕቃ መደብሮች ስትሪፕ ጠየቅሁ። ጓንት በካርቶን፣ የደም ግፊት መለኪያ በየዓይነቱ ሞልቷል። ስትሪፑን "በትእዛዝ ነው" አሉኝ፣ ስንት ጊዜ ይፈጃል ስል ባለ መደብሩ ትከሻውን ሰበቀ።

ጥቁር አንበሳን አልፎ ሰፈረ ሰላም ላይ የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያለው የወንዝ ቀንድ አውጣ ሞቶ አዩ፤ ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ የቀረው ምን ነበር? መርዛማነቱን በዓለም አቀፍ የላቦራቶሪ ደረጃ መመርመር። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው፤ በአይጥ፣ በዓሣ፣ በተለያየ መጠን፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተፈርሞበት። የሚከፍል ሲጠፋ ብዙ ዓመት ባከነ፣ በመጨረሻ በካናዳ የልማት ምርምር ድርጅት ገንዘብ ተሠራ። አክሊሉና ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። እንዶዱ ግን ፋብሪካ አልሆነም። ግኝት የሚያኮራ ነው፤ በግኝትና በምርት መካከል ያለውን ገደል የሚሞላው ግን ማንም ፎቶ የማይነሳበት ወጪ ነው። ያንን ወጪ የግል ባለሀብት አይነካውም፣ ትርፉ ሩቅ ነዋ። የመንግሥት ብር መጀመሪያ መግባት ያለበት እዚያ ነው።

ዘነበ ወርቅ፣ አለርት ግቢ ያለው አርማወር ሐንሰን ኢንስቲትዩት ለሥጋ ደዌ ምርምር እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ነው። እዚያ ረጅም አልቆየሁም፤ መንገዱ ብቻ ግማሽ ቀን በላ።

ጉለሌ ግን ያስቀምጣል። የቆየ የሰፈሩ ሰው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን እስካሁን ፓስተር ነው የሚለው። እዚህ ለብዙ ዓመት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይመረት ነበር፤ ፌርሚ የሚባለው፣ ቫይረሱን በበግ አንጎል ላይ አሳድጎ በፌኖል የሚያደክመው ዓይነት። የተነከሰ ሰው ሆዱ ላይ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ይወጋ ነበር። አንጎል ውስጥ ያለው ማየሊን (የነርቭ ሽፋን) አብሮ ስለሚገባ አንዳንዱን ሰው የነርቭ ጉዳት ያገኘዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አገሮች እንዲተዉት ከመከረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በሕዋስ ላይ የሚያድገው አዲሱ ክንድ ላይ አራት አምስት ጊዜ ነው። ታዲያ ለምን ባንዴ አልተቀየረም? በግ ማረድ፣ መፍጨት፣ ማጣራት ርካሽ ነው። ሕዋስ ማሳደግ ባዮሪአክተር (ሕዋሱ የሚያድግበት ጋን)፣ የተፈተነ የሕዋስ ባንክ፣ ያልተበከለ ሴረም፣ ለመርፌ የሚሆን ውሃ ይፈልጋል። መሙያ ክፍሉ ሲያልቅም ወዲያው ክትባት አይሞላበትም። መጀመሪያ በክትባቱ ፈንታ የጀርም ምግብ በብልቃጥ እየሞሉ፣ ሠራተኛው እንደ ወትሮው እየገባ እየወጣ፣ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ዙር ይሠራል፤ ብልቃጦቹ 14 ቀን ይቆያሉ፣ አንዱ ከደፈረሰ ጀርም ገብቷል ማለት ነው፣ ምክንያቱ እስኪገኝ ምርት የለም። ይህ ሁሉ ጊዜ ደመወዝ ይከፈላል፣ አየር ማጣሪያው ሌት ተቀን ይሠራል፣ አንድ ብልቃጥ አይሸጥም። በጀት ሲጻፍ የሚረሳው ይሄ ዓመት ነው።

እዚያው ጳውሎስ ሆስፒታል ጎን የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት አለ፤ ለእኔ የጉዞው ዋና ቦታ ይሄ ነበር። ብዙ ሰው የሚያየው መጋዘንና መኪና ነው። አገሪቱ ውስጥ ግን ትልቁ የመድኃኒት ገዥ ይሄ ነው፤ ኢንዱስትሪ የሚያቆመው ደግሞ ገዥ ነው። ለአገር ውስጥ አምራች የ25 በመቶ የዋጋ ቅድሚያ ይሰጣል፤ የውጭው 100 ብር ካቀረበ የእኛው እስከ 125 ድረስ ማሸነፍ ይችላል ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ጥሬ ዕቃው የሚመጣው ከሕንድና ከቻይና ነው፤ ፋብሪካው በብር ሸጦ በዶላር ይገዛል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ የሌለው የሁለት ዓመት ውል የፈረመ አምራች 25ቱ በመቶ ምን ያደርግለታል?

ከበሩ ፊት ለፊት ማኪያቶ 70 ብር ነው፤ ድሬ በዚህ ዋጋ ሁለት ይጠጣል። እዚያ ተቀምጬ የሌላ አገር ሒሳብ አሰላሁ። የአሜሪካዋ ካንሳስ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣችው ሕግ ብልህ ነበር፦ በባዮሳይንስ ከሚሠሩ ሰዎች ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ግብር ከመነሻው ዓመት በላይ ያደገውን ያህል መልሶ ለዘርፉ ማዋል፣ በ15 ዓመት 581 ሚሊዮን ዶላር። አዲስ ግብር የለም፤ ዘርፉ ራሱ ባደገ ቁጥር ራሱን ይመግባል። ነገር ግን ገንዘቡ በየዓመቱ በምክር ቤቱ እጅ ያልፍ ነበርና በጀት ሲጠብ ተቀነሰ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በኩባንያዎች ውስጥ የተረፈው የአክሲዮን ድርሻ በ14 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ሌላዋ ግዛት ማሳቹሴትስ እ.ኤ.አ. በ2008 ለ10 ዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር መደበች፤ ግማሹን ለግንባታና ለመሣሪያ በቦንድ፣ ሩቡን በግብር ቅናሽ፣ ሩቡን በምርምርና በብድር። የግብር ቅናሹን የወሰደ ኩባንያ ቃል የገባውን ያህል ሰው ካልቀጠረ ይመልሳል። እኛ ዘንድ የግብር እፎይታ ሲሰጥ ይነገራል፤ ሲመለስ የሰማ ካለ ይንገረኝ።

የእኛ አገር የመድኃኒት ምርት ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2025 የታቀደ ነበር። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2014 የዓለም ባንክ ለቦሌ ለሚ ሁለተኛ ምዕራፍና ለቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርኮች 250 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል፤ ቂሊንጦ ለመድኃኒት ፋብሪካዎች የታሰበ ነው። መሬቱ፣ ሼዱ፣ የፍሳሽ ማጣሪያው መጣ። የላላው ሌላ ቦታ ነበር፣ ተቆጣጣሪው ላይ። ክትባት ለዓለም ጤና ድርጅት ቅድመ ብቃት፣ ማለትም ዓለም አቀፍ ገዥዎች ለሚጠይቁት የጥራት ማረጋገጫ፣ እንዲቀርብ የአገሩ ተቆጣጣሪ ቢያንስ ሦስተኛ የብቃት ደረጃ ላይ መድረስ አለበት፤ የኛው ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2025 ደርሶበታል። ለእኔ ይሄ ከአሥር ሼድ ይበልጣል። ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት ለአፍሪካ አምራቾች በ10 ዓመት እስከ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ይከፍላል፣ ግን የሚከፍለው ክትባቱ ቅድመ ብቃት ሲያገኝና ጨረታ ሲያሸንፍ ነው፤ ለመጀመሪያው ጡብ አይደለም። ከጡቡ እስከ ቅድመ ብቃቱ ያለውን የሚሸፍነው እንግዲህ የመንግሥት ብር ነው፣ ሌላ አይገኝም።

ያ ብር ደግሞ በሰኔ ይበላሻል። ሰኔ 30 በጀት ይዘጋል፤ ያልወጣው ይመለሳል። ግዥ ክፍል ግንቦት ላይ ይነቃና ከሁሉ ፈጥኖ የሚያልቀውን ይገዛል፣ ማሽን። ሪኤጀንት (የምርመራ ኬሚካል) በገፍ አይገዛም፤ የብዙው ዕድሜ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ነው፤ ጉምሩክ ሁለቱን ወር ከበላው የቀረው ትንሽ ነው። የጥገና ውልና የባዮሴፍቲ ካቢኔት (ጀርም የሚነካበት፣ አየሩ የሚጣራ ሳጥን) ዓመታዊ ፍተሻ ከመደበኛ በጀት ነው የሚከፈሉት፤ መደበኛ በጀት ደግሞ ሁሌም ጠባብ ነው። ፕሮጀክት የምታጸድቁ ከሆነ ሁለት መስመር ፈልጉ፦ የአምስት ዓመት የጥገና ውል በካፒታል ወጪው ውስጥ ገብቷል? ሪኤጀንቱ በየሦስት ወሩ የሚላክ የማዕቀፍ ግዥ አለው? ከሌሉ ማሽኑ ሲገዛ የነበረው ፕላስቲክ ሳይነሳለት ዕድሜው ያልፋል።

እነዚህን ተቋማት ለማየት የሚመጣ ሰው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይያዝ፣ ከነኮፒው፤ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ካልያዘ የሚያነጋግር የለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ መገኘት ይሻላል፣ ላፕቶፕ ካለ ጥበቃ ጋ ያስመዝግቡ፣ አለዚያ ሲወጡ ጭቅጭቅ ነው። ዓርብ ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ማንም የለም፤ ከዚያ በኋላም ያለው የሚፈርም ሰው አይደለም። ወደ ድሬ ለሚመለስ ደግሞ የባቡር ትኬት ቀድሞ ይቆረጥ፣ ወደ ለቡ የሚሄደውን መኪናም በአፕ ብቻ።