ደመና የሚያስረግጠው ጫማ

ቀኝ አገዳዬ ላይ አራት ጠባሳ አለ። እኩል እኩል ተራርቆ፣ በመስመር። ያየኝ ሁሉ «ምን ነክሶሽ ነው?» ይለኛል። ፔዳል ነው የነከሰኝ። ጥፋቱ ግን የፔዳሉ አልነበረም።

ብስክሌት የጀመርኩት በ38 ዓመቴ ነው። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ሳይክል ተከራይተው የሚነዱት ወንዶቹ ነበሩ፤ እኔ ቆሜ ሳይ ነው ያደግሁት። አሁን ሦስት ዓመት ሞላኝ። ቅዳሜ በጠዋት አራት አምስት ሆነን በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ እንወጣለን። እንወጣለን ስል እነሱ ይነዳሉ፣ እኔ ግማሹን መንገድ እገፋለሁ። አናቱ ላይ ከፍታው 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ሳንባዬ ቁጥሩን ሳይነግሩት ያውቀዋል። ከዚያ በባሕር ዛፉ መሐል ቁልቁል። ያ ሁሉ ልፋት ለዚያች ቁልቁለት ነው።

የመጀመሪያ ጫማዬን የገዛሁት ለዚሁ ብዬ ነው። ሻጩን «እግር የሚደግፍ የስፖርት ጫማ» አልኩት። ወፍራም ነጭ ስፖንጅ ያለው የሩጫ ጫማ አወጣልኝ። «እህቴ፣ ይሄ ደመና ላይ ነው የሚያስረግጥሽ» አለኝ። አልዋሸም። ሱቁ ውስጥ ወዲህ ወዲያ ስል እውነትም ደመና ነበር። እኔ ግን ልረግጥበት የነበረው ብረት ነው።

የኔ ፔዳል ጠፍጣፋው ዓይነት ነው። ጎንና ጎኑ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ከላይም ከታችም ትንንሽ የብረት ጥርሶች የተተከሉበት። ፒን እንላቸዋለን። ፒኖቹ ሶሉን ነከስ አድርገው ይይዙታል፤ እግርሽ የማይንሸራተተው በነሱ ነው። ሌላው ዓይነት ጫማውን ከፔዳሉ ጋር የሚቆልፈው ነው። ጓደኞቼ ይወዱታል። እግር ለማስለቀቅ ተረከዝን ወደ ውጭ ማዞር ነው ይላሉ። እኔ መሬት ከመድረሴ በፊት ተረከዝ ለማዞር የሚሆን ጊዜ ኖሮኝ አያውቅም። እግሬ ነፃ ይሁንልኝ።

ደመናው ጫማ መጀመሪያ አገዳዬን አስበላኝ። ቁልቁለት ላይ የዛፉን ሥር ስንዘል ስፖንጁ ይጨመቅና ተመልሶ ይነሳል። ሲነሳ እግሬን አብሮ ያነሳዋል። አንድ ቀን እግሬ ተነስቶ ሲመለስ ፔዳሉ ቦታው ላይ አልነበረም፤ ዞሮ አገዳዬን አገኘው። አራቱ ጠባሳ የዚያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውስጥ እግሬ ያቃጥለኛል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ከዚያ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዋ እርምጃ ሚስማር የመርገጥ ያህል ሆነች። አሥር እርምጃ ስሄድ ይተወኛል። በነጋታው ደግሞ እንደገና። ባሌ «ሳይክሉን ተዪው» አለኝ። እሱ ለሁሉም ነገር መፍትሔው ሳይክሉን መተው ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። እግሬን ይዛ ከተረከዜ አጠገብ አንዲት ቦታ በአውራ ጣቷ ስትጫን ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ከተረከዝ ተነስቶ እስከ ጣቶች መነሻ የሚዘረጋ ጠንካራ ጅማት አለ፤ የእግርን ቅስት ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው፤ የታመመው እሱ ነው አለችኝ። ከዚያ ጫማዬን አንስታ ከመሐሉ አጠፈችው። እንደ እንጀራ ተጠቀለለ።

«መሬት ላይ ስትቆሚ ከተረከዝሽ እስከ ጣትሽ የሚሸከምሽ አለ» አለችኝ። «ፔዳሉ ላይ የሚሸከምሽ መሐሉ ብቻ ነው። ፊቱና ኋላው አየር ላይ ነው። ጫማሽ ከታጠፈ እግርሽም አብሮ ይታጠፋል።»

እስከዚያ ድረስ ድጋፍ ማለት ምቾት ይመስለኝ ነበር። ድጋፍ ማለት ለካ አለመታጠፍ ነው። ፔዳል ላይ መሬቱ ጫማው ራሱ ነው፤ መሬት ደግሞ አይጨመቅም። ስፖንጅ ጥሩ ነው፣ ግን ስስ ሆኖ ከሥሩ ጠጣር ነገር ካለው ነው።

ይህን ከሰማሁ በኋላ አሮጌ ፔዳል በቦርሳዬ ይዤ መዞር ጀመርኩ። ጎሚስታው ጋ ከወዳደቀ ዕቃ መሐል የመረጥኳት ናት፤ ፒኖቿ ገና ስለታም ናቸው። ሱቅ ገብቼ ጫማ ካነሳሁ በኋላ ሶሉን ፔዳሏ ላይ እጫነዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ጎን እገፋዋለሁ። የሚይዘውና የሚንሸራተተው ያኔውኑ ይለያል። አንድ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ሲፈትሽ አገኛትና አገላብጦ አያት። «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «ጫማ መለኪያ ነው» አልኩት። ትንሽ አስቦ «ግቢ» አለኝ። እስካሁን ምን እንዳሰበ ይገርመኛል።

ፔዳል መያዝ ለሚያፍር በእጅ ብቻ የሚሠራም አለ። ጫማውን ተረከዙና አፍንጫው ላይ ይዛችሁ እጠፉት። ጣቶች ጋ ትንሽ ታግሎ መታጠፍ አለበት፤ መሐሉ ላይ ከታጠፈ ተዉት። ቀጥሎ እንደ ታጠበ ልብስ ጠምዝዙት። እሺ ብሎ መጠምዘዝ የለበትም። የኋላውን ጽዋ፣ ተረከዝ የሚገባበትን ማለቴ ነው፣ በሁለት ጣት ጨምቁት። ልምጥ ብሎ ከተኛ ቁልቁለት ላይ ተረከዛችሁ ውስጡ ይዋልላል። ሶሉን በጥፍራችሁ ውጉት፤ ትንሽ ገብቶ ቀስ ብሎ የሚመለስ ጎማ ነው የሚፈለገው። እንደ ፕላስቲክ ጠጥሮ ጥፍር የሚመልስ ከሆነ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ይሆናል።

የሶሉ ቅርፅስ? የተራራ ቦት ጥሩ ይመስላል፣ ድጋፍም አለው። ከጓደኛዬ ተውሼ ሞክሬዋለሁ። ጥርሶቹ ትልልቅ ስለሆኑ ፒኖቹ በመሐላቸው ክፍተት ይገባሉ፤ ጎማውን የሚነኩት ጥቂት ናቸው። እግሬ የትኛው የፔዳሉ ክፍል ላይ እንዳረፈ ማወቅ ደግሞ አልቻልኩም። ጣውላ አስሬ የምነዳ መሰለኝ። ሜዳ ሜዳው ወይም ዝቅ ዝቅ ያሉ ጉብታዎች ያሉት ሶል ይሻላል።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚነሳው የጫማ ስም ፋይቭ ቴን ነው። ታሪኩ ደስ ይለኛል፤ መነሻው ብስክሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ቻርልስ ኮል የሚባል የካሊፎርኒያ ገደል ወጪ ነው የጀመረው። ስቴልዝ ያሉት ጎማቸው ለዓለት የተሠራ ነበር። ዓለት ላይ የሚጣበቅ ጎማ ፒን ላይም ይጣበቃል፤ ብስክሌተኞች ወደዱት። በ2011 አዲዳስ ገዛው። ዛሬ የብስክሌት ኩባንያዎቹ ሺማኖም ስፔሻላይዝድም ለጠፍጣፋ ፔዳል የሚሆን ይሠራሉ። እኛ ሱቆች ውስጥ ግን ማግኘቱ የዕድል ጉዳይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሰልባጅ ነው የሄድኩት። በ1,800 ብር ያገለገለ የቫንስ ጫማ አገኘሁ። ያ የሳጥን ሳጥን ቅርፅ ያለው ሶሉ ከስኬትቦርድ ልጆች ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ፔዳሌም ላይ ቆንጆ አድርጎ ያዘ። ነገር ግን ሸራ ነው፣ ሶሉም ስስ ነው። ፒኖቹን አንድ በአንድ መቁጠር እችል ነበር። ጠንከር ያለ የቡሽ የውስጥ ሶል ጨመርኩበትና አራት ወር ነዳሁበት። ገንዘብ ላልተረፈው፣ ለአጭር መንገድ፣ አሁንም ይህንኑ እመክራለሁ። ከደመናው በብዙ ይሻላል።

በመጨረሻ አሜሪካ፣ ዴንቨር ያለው ታናሽ ወንድሜ «ለፔዳል የሚሆነውን ልግዛልሽ» አለ። ከባድ ነገር ነው። ጫማው በሰው እጅ ነው የሚመጣው፤ ካልሆነኝ መመለሻ የለም። ሱቅ ስጠየቅ 39 ነኝ እላለሁ። ግን በአውሮፓ ቁጥር ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ያለው ልዩነት 7 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ፋብሪካው ደግሞ እንደየራሱ ነው። ስለዚህ በሴንቲ ሜትር ይሁን ተባባልን። ማታ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ የቆመ እግር አበጥ ካለ በኋላ፣ የምነዳበትን ካልሲ አድርጌ፣ ተረከዜን ግድግዳ አስነክቼ ወረቀት ላይ ቆምኩ። ልጄ እርሳሱን ቀጥ አድርጋ አሰመረች። እሷ ባትኖር ጎንበስ ስል እግሬ ይረዝም ነበር፤ መለካት የሌላ ሰው ሥራ ነው። ግራዬ 24.6፣ ቀኜ 25.1 ሆነ። በትልቁ እግር ሂዱ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ከማስመሪያው ጋር በቴሌግራም ላክሁለት። 40 ሆኖ ተገኘ። 41 ዓመት ሙሉ 39 ነኝ እያልኩ ጣቴን ሳጥፍ ኖሬያለሁ።

ጫማው ከሁለት ወር በኋላ ያለ ካርቶን መጣ። ያመጣችው ሴትዮ ለሻንጣዋ ቦታ ስትል ካርቶኑን ጥላ፣ ጫማው ውስጥ የሰው እናት የስኳር መለኪያና ሁለት ጠርሙስ ቫይታሚን ሞልታበታለች። አልቀየምኳትም። የእኔም ጫማ የሰው ኪሎ ላይ ነው የመጣው።

የመጀመሪያው ቀን ወደቅሁ። ቆሜ! ፔዳሉ ላይ እግሬን ሸርተት አድርጌ ማስተካከል ልማዴ ነበር። ይሄኛው አይሸራተትም። ቀይ መብራት ላይ እግሬን ወደ ጎን ልሳብ ስል እንደተጣበቀ ቀረና ከነብስክሌቴ በጎኔ ተኛሁ። አንድ የታክሲ ረዳት «አይዞሽ ማዘር!» አለኝ። መውደቄን ረስቼዋለሁ፤ «ማዘር» ያለኝን ግን አልረሳም። እግርን መጀመሪያ ማንሳት፣ ከዚያ ማንቀሳቀስ ነው። ሳምንት ፈጀብኝ።

ቁልቁለቱ ላይ ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። ተረከዜን ዝቅ አድርጌ ፔዳሉን በእግሬ መሐል ስረግጠው ሥሩም ድንጋዩም ከታች ያልፋል፣ እግሬ ቦታው ላይ ነው። ብሬክ ላይ ያለኝ ጣት እንኳ ዘና አለ። እግር ሲያዝ እጅ መፍራት ይተዋል መሰለኝ።

ጫማው ብቻውን አልፈወሰኝም፤ ይህን ልንገራችሁ። ባቴን በየቀኑ አፍታታለሁ፣ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ ፍሪዘር ውስጥ አስገብቼ ማታ ማታ ውስጥ እግሬ ሥር አንከባልላለሁ። የጠዋቷ ሚስማር ለመጥፋት አራት ወር ወሰደባት።

እንከንም አለው። በሐምሌ ጭቃ ጉብታዎቹ ይሞሉና ለስላሳ ሰሌዳ ይሆናል፤ እንጨት ይዤ እፍቃለሁ። ሲረጥብ ጋዜጣ ጠቅጥቄ ጥላ ላይ አኖረዋለሁ። ከሰል አጠገብ ያደረቅሁት ቫንስ ማስቲሹ ለቆ አፉን ከፍቶብኛል። ብዙ የሚገፋ ሰው፣ እንደ እኔ ማለት ነው፣ እጅግ ጠጣሩን አይግዛ፤ አቀበት በእግር ሲወጡ ተረከዝ ይልጣል። እዚያው አቀበት ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች በኮንጎ ጫማ ያልፉናል። ያን ጊዜ ስለ ጫማ የያዝነውን ወሬ ዝም እንላለን።

ለስላሳ ጎማ ደግሞ ያልቃል። ባለፈው ሳምንት የቀኙን ሶል አየሁት፤ መሐሉ ላይ ጉብታዎቹ ተበልተው የፒኖቹ ቅርፅ ወጥቷል፣ ልክ አገዳዬ ላይ እንዳለው። ሰፈራችን ያለው ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድኩት። ሶሉን በመዳፉ ዳበሰ፣ በጥፍሩ ወጋ ወጋ አደረገ። እኔ ከፊዚዮቴራፒስት የተማርኩትን እሱ ሳይማረው ያውቃል።

«ጎማው ጥሩ ነው እህቴ፣ ግን አልቋል» አለኝ። ከኋላው የተከመረውን የመኪና ጎማ በአገጩ አሳየኝ። በረባሶ የሚሠራበት ነው። «ከዚህ ቆርጬ መሐሉን ልለጥፍልሽ?»

ፔዳሌን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጎማው ላይ ተጫንኩት። ያዘ። ቅዳሜ እንሞክረዋለን።