የእማዬ አብሽና የፋርማሲው እንክብል

ልጄ በተወለደች በዘጠነኛው ቀን ሌሊት፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ስትጠባ ቆይታ ከጡቴ ስትለይ አሁንም እያለቀሰች አፏን ስትከፍት ሳይ፣ ወተቴ አይበቃትም የሚል ፍርሃት ያዘኝ። በማግስቱ ባለቤቴ እዚህ ሜሪላንድ ከሰፈራችን ፋርማሲ «የጡት ወተትን ይደግፋል» የሚል ጽሑፍ ያለበት አንድ ብልቃጥ እንክብል ገዝቶ መጣ። ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው እማዬ ብልቃጡን አገላብጣ አየችውና «ምንድን ነው ያለበት?» አለችኝ። የጀርባውን ጽሑፍ አንብቤ «አብሽ ነው» ስላት፣ «አብሽማ እኔም ይዤ መጥቻለሁ፤ ወጥ ቤት አለልሽ» አለች።

እውነቷን ነበር። ማታ ማታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የአብሽ ዱቄት በብርጭቆ ውሃ ትዘፈዝፋለች። ጠዋት ላይ የጠለለውን ቢጫና መራራ ውሃ ትደፋለች፤ አዲስ ውሃ ጨምራ አሁንም ትደፋለች፤ ከዚያ ከሥር የቀረውን ዝልግልግ ነገር በማንኪያ ትመታዋለች። ሲመታ እየነጣ፣ እየተነፋ፣ አረፋ እየሠራ ብርጭቆውን ይሞላል። በማር አጣፍጣ ሳልጨርስ ከአጠገቤ አትነሣም። ከዚያ የአጃው አጥሚት፣ ከሰዓት ገንፎው፣ ማታ ተልባው ይከተላል።

እኔ ግን ፍርሃቴ በዝቶ ሁለቱንም ደረብኩ። የእማዬን አንድ ማንኪያ በኩሽና ሚዛን ስመዝነው 9 ግራም ነበር። የፋርማሲው እንክብል ደግሞ እያንዳንዱ 610 ሚሊግራም ሆኖ በቀን ስድስት ውሰጂ ስለሚል፣ በየቀኑ ሌላ ሦስት ግራም ተኩል ያህል ጨመርኩበት። በአራተኛው ቀን ሆዴ ተበላሽቶ አስቀመጠኝ፣ ልጄም ሆዷ እየተነፋ ትነጫነጭ ጀመር፤ ወተቴ ግን አልጨመረም። ለክትትል ስንሄድ ነርሷ ዳይፐሯን ስትፈታ ቆም ብላ «አብሽ ትጠጫለሽ?» አለችኝ። አብሽ ላብንና ሽንትን ጣፋጭ ጣፋጭ እንዲሸት ያደርጋል፤ ሽታው የሕፃኑም ሽንት ላይ ሊወጣ ይችላል። ከዚህ ሽታ ጋር የሚመሳሰል ሽንት ያለበት በዘር የሚተላለፍ ከባድ የሕፃናት በሽታ ስላለ፣ እናትዮዋ አብሽ መውሰዷን ካልተናገረች ሐኪሙ ያለ ምክንያት ሊደነግጥ እንደሚችል ያን ቀን ተረዳሁ።

በዚያው ቀን ልጄ ስትመዘን 2,950 ግራም ሆና ተገኘች፤ ስትወለድ 3,200 ነበረች። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ መቀነሱ የተለመደ ቢሆንም፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ተወለደበት ክብደት ይመለሳል ተብሎ ይጠበቃልና፣ ፍርሃቴ መሠረት የሌለው አልነበረም። ወደ ጡት ማጥባት አማካሪ ላኩኝ። አማካሪዋ ስለ ምግቤም ስለ እንክብሉም ከመጠየቋ በፊት «እስቲ አጥቢያትና ልይ» አለችኝ። ልጄ የያዘችው የጡቴን ጫፍ ብቻ ነበር፤ ስትጠባ ጉንጮቿ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳሉ፣ አፏም ቀጭ ቀጭ ይላል። አማካሪዋ የልጄን ሆድ ከሆዴ ጋር አስገጥማ፣ አፍንጫዋን ከጡቴ ጫፍ ትይዩ አድርጋ፣ እንደሚያዛጋ ሰው አፏን በሰፊው እስክትከፍት ጠበቀችና ያኔ አስጠጋቻት። ወዲያው ስትውጥ ድምፁ ይሰማኝ ጀመር። ከመጥባቷ በፊትና በኋላ በሚዛን ስናያት፣ በቀድሞው አያያዝ 20 ግራም ያልሞላ የጠባችው ልጅ በአዲሱ 55 ግራም ጠባች። በአሥር ቀን ውስጥ 3,290 ግራም ደረሰች።

ወተት የሚጨምረው በምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ አንዳንድ ሆርሞኖች በድንገት ሲወርዱ፣ ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ በብዛት መምጣት ይጀምራል፤ ጡት አጋተ የምንለው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መጠኑን የሚወስነው ጡቱ ምን ያህል ባዶ መሆኑ ነው። ወተት ሳይጠባ በጡት ውስጥ ሲቆይ ሰውነት «አይፈለግም» ብሎ ምርቱን ይቀንሳል፤ በሚገባ ሲጠባ ወይም ሲታለብ ደግሞ ይጨምራል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት የሚባለውም ለዚህ ነው። በደንብ ያልያዘ ሕፃን ቀኑን ሙሉ ጡት ላይ ቢውልም ጡቱን አያራግፈውም፤ ያን ጉድለት ደግሞ አብሽ አይሞላውም።

ይህን ስል አብሽ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በ2020 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚገመግም ተቋም፣ 3,005 እናቶች የተሳተፉባቸውን 41 ጥናቶች ሰብስቦ መርምሮ ነበር። ከዕፅዋትና ከምግብ የሚገኙት ወተት ጨማሪዎች በመጠኑ ሊጠቅሙ ይችሉ ይሆናል፣ ማስረጃው ግን እጅግ ደካማ ስለሆነ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም የሚል ነው ድምዳሜው። ስለዚህ ብልቃጡ ላይ በደማቅ ፊደል የሚጻፈውን ተስፋ ሳይ ለእኅቶቼ አዝናለሁ። አሜሪካ ውስጥ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለ ሰፕሊመንት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት እንደ መድኃኒት ፈዋሽነቱን ለመንግሥት ማስመስከር አይጠበቅበትም፤ ይህን ሌሊት እንቅልፍ ያጣች እናት መደርደሪያው ፊት ቆማ አታውቀውም። ወተት ይጨምራል ስለሚባለው ስለ ሽፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠልም ብዙ እሰማለሁ። በወተት ጉዳይ የተጠናው ግን በአብዛኛው የእስያው የሽፈራው ዝርያ ነው፤ ኮንሶዎች ቅጠሉን ቀቅለው የሚበሉት የእኛው ሽፈራው የዚያ ዘመድ ቢሆንም ዝርያው ሌላ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ነገርም አለ። አብሽ የደም ስኳርን ስለሚቀንስ፣ የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስድ እናት ሐኪሟን ሳታማክር መጠኑን አታብዛ። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የምትወስድም እንዲሁ። አብሽ የጥራጥሬ ወገን በመሆኑ የኦቾሎኒ ወይም የሽምብራ አለርጂ ባለባት ሴት ላይ አለርጂዋን ሊቀሰቅስባት ይችላል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ማህፀንን ሊያነሣሣ ስለሚችል በብዛት ከመውሰድ ትቆጠብ።

የአራስ ቤታችንን ሥርዓት ግን አሁን ከቀድሞው ይበልጥ አከብረዋለሁ። እማዬ ከአልጋ እንዳልወርድ ስትከለክለኝ፣ እንግዶች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ገብተው ዕቃ አጥበው ሲወጡ፣ ለእኔ የቀረልኝ ሥራ ማጥባት ብቻ ነበር። ሕመምና ጭንቀት ወተት እንዳይወርድ ያደርጋሉ፤ ዕረፍትና ከልጅ ጋር ገላ ለገላ መሆን ደግሞ ያግዛሉ። ለአብሹ ሲሰጥ የኖረው ምስጋና ብርጭቆውን ይዘው ለሚቀመጡት ሴቶችም የሚገባ ይመስለኛል።

የሚያስጨንቃችሁ ነገር ካለ ልጃችሁን አስመዝኑ፤ ዳይፐሩንም ቁጠሩ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ በሽንት የራሰ ዳይፐር ካለ ልጁ እየጠገበ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ካልሞላ ወይም ሕፃኑ ለመጥባት እንኳ የማይነቃ ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ለጊዜው የታለበ ወይም የዱቄት ወተት ይጨመርለት ቢሏችሁም አትፈሩ።

እንክብሉን ትቼዋለሁ። እማዬ ስትመለስ ትታልኝ የሄደችውን የአብሽ ዱቄት ግን አንዳንድ ማታ እየዘፈዘፍኩ ጠዋት በማር እጠጣለሁ። ለክትትል ስንሄድ በሚሞላው ቅጽ ላይም፣ ከምወስዳቸው መድኃኒቶች ተርታ፣ «አብሽ» ብዬ እጽፋለሁ።